ከላይብረሪ ኃላፊ ጋር እንዴት ቁም ነገር እናውራ? ለዳር ሰፈር ሰዎች

ስለ ላይብረሪ ሲነሳ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው መጽሐፍ ነው። መጽሐፍ አነሰ፣ መጽሐፍ አረጀ፣ መጽሐፍ እናሰባስብ። ደግ ሐሳብ ነው። ግን ቱሉ ዲምቱም ሆነ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶም ሆነ ጀሞ፣ ላይብረሪው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ባለሙያ ይቀጠርለት እንደሆነ፣ ክፍሉ ነገ ተወስዶ ቢሮ ይሆን እንደሆነ የሚወሰነው የላይብረሪው ኃላፊ ከአለቃው ጋር በሚቀመጥበት ስብሰባ ላይ ነው። ኃላፊው እዚያ ባዶ እጁን ከገባ ባዶ እጁን ይወጣል። እኛ የሰፈር ሰዎች ልናደርገው የምንችለው ትልቁ ነገር ይዞት የሚገባውን ማቀበል ነው። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ከኃላፊው ጋር ረጋ ብሎ ማውራት ያስፈልጋል።

ያንን ወሬ እንዴት እንደምትጀምሩት፣ ምን እንደምትጠይቁ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደምታደርጉበት ልንገራችሁ። ወላጅ ብትሆኑ፣ መምህር ብትሆኑ፣ የእድር ሰው ብትሆኑ፣ በበጎ ፈቃድ መጽሐፍ የምትደረድሩ ልጆች ብትሆኑ ይሆናችኋል። ባለሙያ መሆን አይጠበቅባችሁም።

ማን የማን እንደሆነ እወቁ

በኛ አካባቢ «ላይብረሪው» የሚባለው ብዙ ዓይነት ነው። የትምህርት ቤት ከሆነ ላይብረሪያኑ የሚጠየቀው በርእሰ መምህሩ ነው። የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከል ውስጥ ያለ ክፍል ከሆነ የማዕከሉ አስተባባሪና ወረዳው ናቸው የሚመለከታቸው። በባህልና ቱሪዝም በኩል የሚተዳደርም አለ፤ አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ከፍቶ ለማኅበረሰቡ ያስረከበውም አለ። ስለዚህ ገና በር ላይ «ይሄ ላይብረሪ ተጠሪነቱ ለማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሳታውቁ ኃላፊው ፊት ከቀረባችሁ በሥልጣኑ ውስጥ የሌለ ነገር ትጠይቁትና ሁለታችሁም ትደክማላችሁ።

አንዳንድ ሰው በቀጥታ ወደ መሐል ከተማ ያስባል። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት አለ፤ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውና እስከ ዛሬ ሰዉ ወመዘክር የሚለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ስድስት ኪሎ የኬኔዲ ላይብረሪ አለ። የእነዚህን ኃላፊዎች ማግኘት ከቻላችሁ ስለ ሙያው ብዙ ትማራላችሁ። የናንተን ወረዳ በጀት ግን አይወስኑም። ከታች ጀምሩ። የወረዳው ሰው ሥልጣኑ ትንሽ ነው፤ ችግሩን የሚያውቀው ግን እሱ ነው። በተጨማሪ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ እየቀያየረ አራት ኪሎ ደርሶ ለመመለስ ምን ያህል ሰዓትና ብር እንደሚያወጣ አስሉት። «አብርሆት እያለ እዚህ ለምን?» ለሚል ሰው መልሱ እዚያ ስሌት ውስጥ ነው፤ ኃላፊው ይፈልገዋል።

ከመሄዳችሁ በፊት አንባቢ ሁናችሁ ግቡ

ኃላፊውን ከማናገራችሁ በፊት ላይብረሪው ውስጥ ተቀመጡ። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ አንድ ጊዜ። ማን ይመጣል? በብዛት የምታዩት የራሱን ደብተር ይዞ ጸጥ ያለ ወንበር ፍለጋ የመጣ ተማሪ ነው። መደርደሪያውን ሳይነካ የሚወጣ ብዙ አለ። ይሄ ክስ አይደለም፤ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ስድስት ሰው በሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ወንበሩ ራሱ አገልግሎት ነው። ግን ኃላፊው ለአለቃው «መጽሐፍ ይገዛልኝ» ሲል አለቃው «ያለውንስ ማን አነበበው?» ካለው ምን እንደሚመልስ አብራችሁ ልታስቡ ይገባል።

በሩ ላይ ያለውን መዝገብ ተመልከቱት። አብዛኛውን ጊዜ በእስክርቢቶ የተሰመረ ትልቅ ደብተር ነው፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ጾታ፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ፊርማ። የመውጫው ሰዓት ዓምድ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ ልጆቹ ሲወጡ ይሮጣሉ። «ምን ፈልጎ መጣ፣ አገኘ ወይስ አጣ» የሚል ዓምድ ደግሞ ከነጭራሹ የለም። ስለዚህ ላይብረሪው በወር ስንት ሰው እንደገባ ይናገራል፣ ስንት ሰው የፈለገውን አጥቶ እንደተመለሰ ግን አይናገርም። እኔ ለማንኛውም ሰው የምመክረው የመጀመሪያ ሐሳብ ይህ ነው፦ ኃላፊውን አስፈቅዳችሁ አንድ ተራ ደብተር «ተጠይቆ የታጣ» ብላችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። ስም አይጻፍ። ቀን፣ የክፍል ደረጃ፣ የተጠየቀው መጽሐፍ፣ በቃ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያ ደብተር ከማንም ንግግር በላይ ይናገራል፤ ምክንያቱም ኃላፊው «መጽሐፍ ያስፈልገናል» ከማለት ወጥቶ «የአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ በዚህ ወር ይህን ያህል ጊዜ ተጠይቆ የለም ብለናል» ማለት ይችላል።

ደብዳቤና ቀጠሮ

ዝም ብሎ ሄዶ ማንኳኳት አንዳንዴ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው። ስለዚህ አንድ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ጉዳዩ፦ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ አገልግሎት ለመወያየት ቀጠሮ ስለመጠየቅ። አራት አምስት መስመር ይበቃል፦ እነማን እንደሆናችሁ፣ ስለ ምን ማውራት እንደፈለጋችሁ፣ ለስንት ደቂቃ። የእድራችሁን ወይም የወላጅ መምህር ኅብረቱን ማኅተም ካስመታችሁበት ደብዳቤው ክብደት ያገኛል፤ በኛ ቢሮዎች ማኅተም የሌለው ወረቀት መንገድ ላይ ይቀራል። ለመዝገብ ቤት ስትሰጡ ሁለት ኮፒ ይኑራችሁ፤ አንዱ ላይ ቀንና ገቢ ቁጥር አስጽፋችሁ ውሰዱ። ጸሐፊዋን በአክብሮት ያዟት። ቀጠሮውን የምትይዘው እሷ ናት።

ሰኞ ጠዋት አትሂዱ፤ ብዙ ቢሮ የሳምንቱን ስብሰባ ያኔ ነው የሚያደርገው። ዓርብ የምሳ ሰዓቱ ረጅም ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ጥሩ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ወሩን ምረጡ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ ላይ ሄዳችሁ «ለመጪው ዓመት አስቡልን» ብትሉ አውቶቡሱ ሄዷል፤ ኃላፊውም ሒሳብ ለመዝጋት ይራወጣል። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው የሚዘጋጀው። እኔ ጥር ወይም የካቲት ላይ የመጀመሪያውን ውይይት ጨርሱ እላለሁ፤ መጋቢት ላይ ኃላፊው ዕቅዱን ሲጽፍ የናንተ ወረቀት እጁ ላይ እንዲሆን።

ሲቀመጡ

«አቶ እገሌ»፣ «ወይዘሮ እገሊት» ብላችሁ፣ በ«እርስዎ» ጀምሩ። ኃላፊዋ የናንተ እኩያ ብትሆን እንኳ «አንቺ» የሚባለው እሷ ስትፈቅድ ነው። ሦስት ሰው ሆናችሁ ግቡ፤ ከዚያ ከበለጠ ሰልፍ ይመስላል፣ ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ የግል ጉዳይ ይመስላል። አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ የሰፈሩ ሽማግሌ ወይም እናት ይሁን።

መጀመሪያ አመስግኑ፤ የምታመሰግኑት ግን የታወቀ ነገር ይሁን። «ለሠራችሁት መልካም ሥራ» ማለት ምንም አይልም። «ቅዳሜ ከሰዓት መክፈታችሁ ልጆቻችንን ጠቅሟል፤ የኔ ልጅ በዚያ ሰዓት ነው የምትመጣው» ማለት ግን ኃላፊውን ቀና ያደርገዋል። የላይብረሪ ሰው ምስጋና ብዙ አይሰማም። ችግር ሲኖር ብቻ ነው የሚጠራው።

ከዚያ ስለ ሥራው ጠይቁ። ቅሬታችሁን ገና አታውጡት። እኔ የምወዳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ባለፈው ዓመት በዕቅድ ምን ጠይቀው ምን ተፈቀደልዎ? አለቃዎ ለመጨረሻ ጊዜ ወደዚህ ክፍል የገቡት መቼ ነው? ተማሪ ጠይቆዎት «የለም» ማለት በጣም የሚከብድዎ የትኛው መጽሐፍ ነው? እርስዎ ቢዛወሩ ወይም ጡረታ ቢወጡ ይህን ሥራ ማን ይረከባል? አንድ ነገር ብቻ የሰፈሩ ሰው በፊርማ እንዲጠይቅልዎ ቢፈልጉ ምን ይሆናል? የመጨረሻውን ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም በሉ። ቶሎ መልስ ላይመጣ ይችላል። ያንን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቃቸው ሰው የለም።

በጀት በሚል ቃል ብቻ አትመለሱ። «በጀት የለም» ሲባል «ለየትኛው መደብ ነው የሌለው?» በሉ። ለመጽሐፍ ግዢ የለም ማለትና ለትርፍ ሰዓት ክፍያ የለም ማለት የተለያየ ነው። የመጀመሪያው በልገሳ በከፊል ሊሸፈን ይችላል። ሁለተኛው በልገሳ አይሸፈንም፤ ምሽት ላይ የሚከፍት ሰው በደመወዝ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የሰፈሩ ፊርማ የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ነው።

መጽሐፍ ማዋስ፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ

በብዙ ላይብረሪዎቻችን መጽሐፉ እዚያው ተነብቦ እዚያው ይመለሳል። ቤት አይወሰድም። ጥሩ ጥሩዎቹ መስታወት ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፉና ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይሆናል። «ለምን አታውሱም?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «መመሪያው አይፈቅድም» ይባላል፤ ወሬው እዚያ ያልቃል። ጥያቄውን እንዲህ አዙሩት።

«አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ እርስዎ ላይ ምን ይመጣል?»

«ንብረቱ በስሜ ነው የተመዘገበው፤ ቆጠራ ላይ ከጎደለ ከደመወዜ ይቆረጣል።»

አሁን ነገሩ ተከፈተ። ኃላፊው ክፉ ሆኖ አይደለም የቆለፈው። የመንግሥት ንብረት ሲገባ ሞዴል 19 የሚባል ደረሰኝ፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የሚባል ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ መጽሐፍም እንደ ወንበርና እንደ ኮምፒውተር በዚያ መስመር ያልፋል። ወንበር ግን አገልግሎ አያልቅም፣ መጽሐፍ ያልቃል። ብዙ እጅ የነካው መጽሐፍ ይቀደዳል፣ ይጠፋል፣ ይህ ሥራውን የሠራ መጽሐፍ ዕጣ ነው። ያንን ጉድለት ላይብረሪያኑ ብቻውን እንዲከፍል ከተደረገ ማንም ጤነኛ ሰው ሊያውስ አይደፍርም። እኔ በዚህ ጉዳይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ሠራተኛን ከደመወዙ እያስፈራሩ የንባብ ባህል ማሳደግ አይቻልም።

መፍትሔው ከኃላፊው ጋር አብሮ የሚጻፍ አጭር ሐሳብ ነው። ለምሳሌ፦ ከልገሳ የመጡ ጥቂት መጻሕፍት «ለውሰት» ተብለው ለብቻ ይመዝገቡ። ወላጅ መታወቂያውን አሳይቶ ዋስ ይፈርም፤ ወላጅ የሌለው ልጅ እድሩ ወይም የክፍል ኃላፊው ይፈርምለት። በዓመት የተወሰነ ያህል መጽሐፍ ቢጎድል በቃለ ጉባኤ ተይዞ ከመዝገብ እንዲሰረዝ የሚመለከተው ኮሚቴ አስቀድሞ ይፈርም። ስንት እንደሚሆን እነሱ ይወስኑ። ዋናው ነገር ኃላፊው ብቻውን እንዳይጋለጥ ነው። ይህን ይዞ ወደ አለቃው ሲገባ የሚጠይቀው ውለታ ሳይሆን አሠራር ነው።

ልገሳን በሚመለከት አንድ ነገር ጣል ላድርግ። መጽሐፍ ከማሰባሰባችሁ በፊት ኃላፊውን «ምን አትፈልጉም?» ብላችሁ ጠይቁ። በካርቶን የሚመጣ አሮጌ የሕግና የሒሳብ አያያዝ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል፣ አቧራ ይስባል፣ ቆጠራ ላይ ደግሞ ሥራ ይጨምራል። ለልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተጻፈ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ከዚያ ሁሉ ይበልጣል።

ስለ ሙያው አውሯቸው

ብዙዎቻችን ላይብረሪያን ማለት ቁልፍ ያዥ ይመስለናል። ወረዳ ላይ ያሉ አለቆችም አንዳንዴ እንደዚያ ነው የሚያስቡት፤ ሌላ ክፍል ያልተመቸው ሰው «ላይብረሪ ይመደብ» ይባላል። ይሄ ለሙያው ውርደት ነው፣ ለተመደበውም ሰው ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ኃላፊውን ስለ ሙያው እንደ ባለሙያ ጠይቁት።

ጥሩ መግቢያ የመጻሕፍት አደራደሩ ነው። አብዛኛው ላይብረሪ የሚጠቀመው እ.ኤ.አ. በ1876 የወጣውን፣ መጻሕፍትን በይዘታቸው በቁጥር የሚለየውን የዲዊ አመዳደብ ነው። በዚያ አመዳደብ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከ820 ጀምሮ ሙሉ አሥር ቁጥር ተሰጥቶታል። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ግን በሙሉ 892.87 ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። ታዲያ መደርደሪያው ግማሹ የአማርኛ ልብ ወለድና ግጥም በሆነበት ላይብረሪ ይህ እንዴት ይሠራል? ኃላፊውን «እናንተ እንዴት ነው የምትለዩት?» በሉት። አንዱ በደራሲ ፊደል ተራ እንደሚደረድር ይነግራችኋል፣ ሌላው ልብ ወለዱን ለብቻ አውጥቶ ቀለም ይለጥፍበታል። የደራሲ ስምም ሌላ ወሬ ነው። እኛ አገር ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠራው፣ የአባቱ ስም የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። ከውጭ የመጣ የካታሎግ ልማድ ግን የአባትን ስም ያስቀድማል፤ ያኔ አንዱ ደራሲ አንዱ ጋ በራሱ ስም፣ ሌላው ጋ በአባቱ ስም ይገባና አንባቢው አጥቶት ይሄዳል። ይህን ስትጠይቁ ኃላፊው ፊቱ ይለወጣል። የሚያውቀውን ሥራ የሚጠይቀው ሰው አገኘ።

ከዚያ ወደ ከባዱ ሂዱ። የሥራ መደቡ በጄኢጂ (በመንግሥት የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባ) ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው? ለመደቡ የሚጠየቀው የትምህርት ዓይነት ምንድን ነው? ሥልጠና የወሰዱት መቼ ነው? እ.ኤ.አ. በ1990 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመላው አፍሪካ የታሰበ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ትምህርቱ ወደ ኮምፒውተሩ እያደላ ሄደ። ኮሃ የሚባለው ነፃ የላይብረሪ ሶፍትዌርም ዩኒቨርሲቲዎቻችን ገብቷል። ወረዳ ያለው ላይብረሪያን ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያሉ የላይብረሪ ኃላፊዎችን የማነጋገር ዕድል ስታገኙ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ «የዳር ሰፈር ላይብረሪያኖችን ለሁለት ቀን እናንተ ጋ ብታስተናግዷቸው ምን ይከብዳል?» እምቢ የሚል ብዙ አይመስለኝም፤ የጠየቀ ስለሌለ ነው።

የሙያው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ለማሳየት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን አንሱ። ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ላይብረሪያን ነበር። ያንን ትቶ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፣ ከዚያ ደግሞ ሐዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ የሚዞር ላይብረሪ ጀመረ። ገንዘብ የሰጡት ሰዎች የሰጡት ልጅና መጽሐፍ እንዴት እንደሚገናኙ ከሥራው የሚያውቅ ሰው ስለነገራቸው ነው።

ለአለቃ የሚነገር ክርክር

ኃላፊው ወደ ላይ ይዞት የሚሄደው ክርክር አለቃውን በሚያሳስበው ነገር መጀመር አለበት። አሁን ሁሉንም የሚያሳስበው ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። አገር የደነገጠበት ቁጥር ነው። ላይብረሪ ብቻውን ያንን ይለውጣል አትበሉ፤ ውሸት ነው፣ አለቃውም ያውቀዋል። «በዚህ ሰፈር ተማሪ ከትምህርት ቤት ውጭ መብራትና ወንበር አግኝቶ የሚያጠናው የት ነው?» በሉ። ከዚያ የመዝገቡን ቁጥርና «ተጠይቆ የታጣ» የሚለውን ደብተር አስከትሉ።

ሁለተኛው ድጋፍ ዩኔስኮና ኢፍላ የሚባለው ዓለም አቀፍ የቤተ መጻሕፍት ፌዴሬሽን በጋራ ያወጡት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ ነው። መጀመሪያ ዩኔስኮ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1949፣ መጨረሻ የታደሰው በ2022 ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመንግሥት ኃላፊነት እንደሆነ፣ በሕግና በገንዘብ መደገፍ እንዳለበት፣ አገልግሎቱም በመርህ ደረጃ ነፃ እንደሆነ ይናገራል። አገራችን የዩኔስኮ አባል ናት። ይህን አንድ መስመር ደብዳቤ ውስጥ ማስገባት አይጎዳም፤ ሰፈሩን የሚያሳየው ቁጥር ግን ይቅደም።

ስለ ውጭ አገር ካወራችሁ ካርላ ሄይደንን ተመልከቱ። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ፕሬዚዳንት በነበረችበት ጊዜ መንግሥት ማን ምን እንዳነበበ ከላይብረሪ መዝገብ የሚጠይቅበትን ሕግ በአደባባይ ተቃወመች። እ.ኤ.አ. በ2016 የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነች፤ ለቦታው የመጀመሪያዋ ሴትና የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት። እ.ኤ.አ. በ2025 ከሥልጣኗ ተነሣች። እዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ ለላይብረሪዎች የፌዴራል ድጋፍ የሚሰጠው ተቋም እንዲመናመን ትእዛዝ ወጣ። ሀብታም አገር ቢሆንም እንኳ የላይብረሪ ነገር አንዴ ተወስኖ አይቀመጥም ማለት ነው። ለኛ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይተውልናል፤ በሩ ላይ ያለው የስም መዝገብ ሲሞላ የት ይሄዳል? ማንስ ያየዋል? ኃላፊውን ጠይቁት። ቁጥሩ ከተቆጠረ በኋላ የልጆቹ ስም መቆየት ያለበት አይመስለኝም።

የሚወጣና የማይወጣ

ልትቀዱ ከፈለጋችሁ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አውጡና አስፈቅዱ። በድብቅ መቅዳት ሰውየውን ከእንጀራው ሊያፈናቅለው ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛ ለአደባባይ ለመናገር የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉን ማስፈቀድ ሊኖርበት ይችላልና ይህንም ጠይቁ። «ይሄ እኛው ጋ ይቅር» ያላችሁን እናንተው ጋ አስቀሩ። የምታወጡት ጽሑፍ ካለ ቁጥርና ስም እንዲያርምላችሁ አሳዩት፤ በነጋታው ወረዳው ደውሎ «ይሄን ማን አለ?» ቢለው የሚያውቀው ወረቀት ይሁን።

ከወጣችሁ በኋላ

እዚያው ቀን፣ ታክሲ ውስጥ ሳላችሁ ቢሆን እንኳ፣ ማን ምን ለማድረግ እንደተስማማ ጻፉ። በነጋታው አንድ ገጽ አድርጋችሁ ለኃላፊው ላኩለት፦ ያሉት ችግሮች፣ የተስማማንበት፣ እኛ የምናደርገው፣ እርስዎ የሚያደርጉት፣ እስከ መቼ። ብዙ ውይይት የሚሞተው እዚህ ነው። ሁሉም በደስታ ይለያያል፣ ከዚያ ማንም አይደውልም። የራሳችሁን ድርሻ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ደብተሩን አድርሱ፣ ፊርማውን አሰባስቡ፣ የእድሩን ደብዳቤ አስመቱ። ኃላፊው ድርሻውን ካዘገየ በደብዳቤ አትክሰሱት፤ ሄዳችሁ «የት ላይ ተያዘ?» በሉት። ብዙ ጊዜ የተያዘው ከእሱ በላይ ነው፤ ያኔ ቀጣዩን ቀጠሮ ከአለቃው ጋር አብራችሁ ትጠይቃላችሁ። አለቃው ሲመጣ ቢሮ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ተማሪ በሞላበት ሰዓት ላይብረሪው ውስጥ ይሁን ስብሰባው። ወንበር አጥቶ የቆመውን ልጅ ራሱ ይየው።

ኃላፊዎች ይዛወራሉ። ዓመት ሳይሞላ የሚዛወርም አለ፣ ያን ጊዜ «ሁሉም ነገር ከዜሮ» ማለት ይመጣል። ስለዚህ ሁሉንም ወረቀት፣ ገቢ ቁጥር ያለበትን ደብዳቤ፣ ባለአንድ ገጹን ስምምነት፣ የደብተሩን ኮፒ በአንድ ክላሰር ያዙት። አዲሱ ኃላፊ በመጣ በመጀመሪያው ወር ክላሰሩን ይዛችሁ እንኳን ደህና መጡ በሉት፤ ማንም ሌላ ነገር ሳይነግረው በፊት ከናንተ ይስማ። የድሮውንም ስልክ አታጥፉት። እሱ አሁን ሌላ ወረዳ ነው ያለው፤ እዚያ ያሉ ወላጆች እንዴት እንደሚጀምሩ ሲጨንቃቸው የሚያገናኛችሁ እሱ ነው።